«ደረሰኝ ቆጣሪ» ለምንል ሁሉ

ባለፈው የግጥም ምሽት ከመካከላችን አንዱ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ አካውንቲንግ ተማሪዎች ቀለደ። «እነዚህ ደረሰኝ ቆጣሪዎች ሲወለዱም ያለ ቫውቸር አላለቀሱም» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ። ቀጥሎ የተነሣው ተናጋሪ ደግሞ ቀልዱን ወደ ፍልስፍና አሳድጎ፣ «አገር የሚሞተው ባለቅኔው ዝም ብሎ ሂሳብ ሹሙ የተናገረ ዕለት ነው» ሲል አሳረገው። ይህንንም በጭብጨባ አጸደቅንለት። ከሁሉም በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

እነሆ ዛሬ ያንን ጭብጨባዬን ለመመለስ ብዕር አነሣሁ። ከማንም ጋር የግል ጠብ የለኝም። ጠቤ ከራሴና እኔን ከመሰለው ሁሉ ጋር ነው።

በዚያው ሌሊት ቤት ስገባ ታላቅ እህቴ ወጥ ቤት ቆማ ሳህን ታጥባለች። ቀን ቀን በአንድ ድርጅት ሂሳብ ክፍል ትሠራለች፤ ማታ ማታ ለሙያ ፈተና ታጠናለች። የዚያን ዕለት ውጤት ወጥቶ ነበር። እማዬ «ምን አገኘሽ ልጄ?» ብላ ጠየቀቻት። «አርባ ስምንት።» «እሰይ! ታዲያ ምን ያስከፋሻል?» «ማለፊያው ሃምሳ ነው እማዬ።» እማዬ ዝም አለች። እትዬም ሳህኗን ማጠብ ቀጠለች። እኔ የግጥም ምሽቱን ሳቅ ከነትኩሳቱ ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ። ሁለት ማርክ! ለዚያች ሁለት ማርክ ስትል ስንት ሌሊት እንዳልተኛች የማውቀው እኔ ነኝ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምናድረው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ይህ ፈተና ምን እንደሆነ አስቀድመን እንወቅ። ሳያውቁ መሳቅ ለእኛ ለ«ኢንቴሌክቹዋሎቹ» ነውር ሊሆን ይገባ ነበር።

እዚህ አገር ኦዲተር ሆኖ ፈርሞ ሪፖርት ለማውጣት የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ብቻውን አይበቃም። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውና የሁላችንንም እንቅልፍ የነሣው የመውጫ ፈተናም ቢሆን ከግቢ ያስወጣል እንጂ የሙያ ፈቃድ አያስገኝም። የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተቋቁሟል፤ ድርጅቶችም ሂሳባቸውን አይ.ኤፍ.አር.ኤስ በሚባሉት ዓለም አቀፍ ደረጃዎች እንዲያቀርቡ ታዘዋል። ታዲያ ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ከየት ይምጣ? ከወጣቶቻችን ብዙዎቹ የሚያንኳኩት በር ለንደን ያለ በር ነው። ኤ.ሲ.ሲ.ኤ የሚባለው የእንግሊዞች የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር በር ነው።

የዚህ በር ደረጃዎች አሥራ ሦስት ናቸው። አሥራ ሦስት ወረቀት፣ እያንዳንዱ ከ100 ቢያንስ 50። ሦስቱ የመጀመሪያ ዕውቀት፣ ስድስቱ የሥራ ችሎታ፣ አራቱ ደግሞ የመጨረሻው ከፍተኛ እርከን ነው። በአካውንቲንግ ዲግሪ ያለው ሰው ከታችኞቹ የተወሰኑት ይታለፉለታል፤ ከላይኞቹ አራት ግን አንድም አይታለፍም። ከመጨረሻው እርከን የመጀመሪያዋን ወረቀት አንዴ ካለፉ ቀሪዎቹን በሰባት ዓመት ውስጥ መጨረስ ግዴታ ነው። በዚህ ላይ 36 ወር የሥራ ልምድና የሥነ ምግባር ትምህርት ይጨመራል። የመጨረሻው እርከን ፈተና በዓመት አራት ጊዜ ይሰጣል። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ክፍያው በፓውንድ ነው።

በፓውንድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ደመወዙን በብር የሚቀበል ሰው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ባንክ ቤት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ ፓውንዱም አብሮ ወጣ። የእህቴ ደመወዝ ግን ባለበት ነበር። ፈተናው አልከበደም፤ መጽሐፉም አልወፈረም። የበሩ ጣራ ግን በአንድ ክረምት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እኛ በዚያ ሰሞን ስለ ነፍስና ስለ ገበያ ቅራኔ ግጥም እንጽፍ ነበር። እሷ ከምሳዋ እየቀነሰች ለአንድ ወረቀት ታጠራቅም ነበር።

ቀጥለን ወደ ይዘቱ እንግባ። እህቴ የግብርን ወረቀት ስታጠና ያጠናችው የእንግሊዝን ግብር ነው። የእንግሊዝ ሰው በዓመት የመጀመሪያዋ 12,570 ፓውንድ ገቢው ግብር እንደማይከፈልባት በቃሏ ታውቃለች። የግብር ዓመታቸው በአፕሪል 6 እንደሚጀምር ታውቃለች። ሲነጋ ቢሮዋ ገብታ የምትሠራው ግን ሐምሌ 1 በሚጀምረው በእኛው ዓመትና በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነው። አንድ ቀን «እትዬ፣ የእንግሊዝ ግብር ለምን ይጠቅምሻል?» አልኳት። «ለማለፍ» አለችኝ። ከዚህ በላይ ምን መልስ አለ?

እዚህ ላይ ለንደንን ልሰድብ አይደለም። የዚያ ማኅበር ታሪክ ለእኛ ስድብ ሳይሆን ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ስምንት ሰዎች ተሰብስበው የመሠረቱት በዘመኑ የነበሩት የሙያ ማኅበራት በራቸውን ስላጠበቡ ሰፋ ያለ በር ለመክፈት ነበር። በ1909 ኤቴል አየርስ ፐርዲ የተባለችውን ሴት በአባልነት ተቀበሉ፤ በብሪታንያ የሂሳብ ማኅበር ውስጥ የመጀመሪያዋ ሴት አባል እሷ ናት። እነዚያ ሰዎች በር የከፈቱት ለአገራቸው ልጆች፣ በአገራቸው ቋንቋ፣ በአገራቸው ግብር ነው። ደግ አደረጉ! ጥያቄው እነሱ ለምን ከፈቱ አይደለም። እኛ ቆመን የሰው በር ስንቆጥር የራሳችንን በር መቼ ነው የምንሠራው ነው።

ወዳጆቼ፣ «ይህ የሂሳብ ተማሪዎች ጣጣ ነው፤ እኛን የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎችን ምን አገባን?» የሚል ድምፅ እየሰማሁ ነው። እንዴት እንደሚያገባን በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

እማዬ የአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር አባል ናት። ከጉልት ንግዷ ከልጅነቴ ጀምሮ ያጠራቀመችው እዚያ ነው። አንድ እሑድ ለዓመታዊው ስብሰባ ሸኘኋት። የኦዲት ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ «የተከበራችሁ አባላት፣ ደስ ይበላችሁ፤ ኦዲተሩ ኳሊፋይድ ኦፒኒየን ሰጥቶናል!» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ከኋላ አንዲት እናት እልል አሉ። እኔስ? እኔ የቋንቋ ተማሪው ሰው፣ ኳሊፋይድ ማለት «ብቁ» ማለት ነው ብዬ ለእማዬ በጆሮዋ ተረጎምኩላት። እሷም አጨበጨበች።

ማታ እህቴ የሪፖርቱን ቅጂ አነበበች። ፊቷ ተለዋወጠ። በኦዲት ቋንቋ ኳሊፋይድ ማለት «ብቁ» ማለት አይደለም። «ከሚከተለው ጉዳይ በስተቀር» ማለት ነው። ያለ እንከን ያለፈ ሂሳብ የሚሰጠው ስም አንኳሊፋይድ ነው። ለተራ ሰው ጆሮ ስድብ የሚመስለው ምስጋና፣ ምስጋና የሚመስለው ነቀፌታ ነው! በዚያ ሪፖርት ውስጥ «በስተቀር» የተባለው ጉዳይ ሰነዳቸው ያልተገኘ ብድሮች ነበሩ። ኦዲተሩ ሥራውን በሐቅ ሠርቷል፤ ያየውን ጽፏል። እውነቱ ግን አባላቱ ዘንድ ሲደርስ ተገልብጦ ደረሰ። እልል ተባለለት። የገለበጠውም ሊቀ መንበሩ ብቻ አልነበረም። አንዱ ገልባጭ እናቴ አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ እማዬና ሌሎች አባላት ስለነዚያ ብድሮች ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ ሄደዋል። «የሙያ ጉዳይ ነው፤ አይገባችሁም» ተብለው ተመለሱ። እስከ ዛሬ ስንት ብር እንዳለ አላወቁም። እንግዲህ ፍረዱ! ይህ የሂሳብ ችግር ነው ወይስ የቋንቋ?

«የሙያ ቃል በአገር ቋንቋ የለም» ለሚሉት መልሴ አጭር ነው። አለ! የፌደራል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርቱን የሚያሰማው በአማርኛ ነው። «ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት» የሚባል ግልጽ ቃል አለ። «አስተያየት ለመስጠት አልተቻለም» የሚባልም አለ። ይህን የሰማች እናት እልል አትልም። በየሰፈራችን ያለው ዕድር «ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ» እያለ ሂሳብ ያሰማል፤ ዕቁቡ ጸሐፊና ዳኛ አለው። ሕዝባችን ስለ ሂሳብ የሚናገርበት አፍ አላጣም። አፍ ያጣው ፈተና ተፈታኙ ነው። ተምሮ በእንግሊዝኛ ያልፋል፤ ለገዛ እናቱ በአገሯ ቃል ማስረዳት ግን ይጨንቀዋል።

የጣልያኑን መነኩሴ የሉካ ፓቾሊን ነገር ደግሞ እንመልከት። ከእያንዳንዱ የገንዘብ እንቅስቃሴ የሰጪውንም የተቀባዩንም ወገን እኩል መመዝገብን፣ ማለትም ዴቢትና ክሬዲት የምንለውን የቬኒስ ነጋዴዎች ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. በ1494 አሳትሞ ለዓለም ያሠራጨው እሱ ነው። ዘዴው ከእሱ በፊትም ነጋዴዎቹ ዘንድ ነበር። የእሱ ድርሻ መጻፉ ነው። በምን ቋንቋ ጻፈ? ሊቃውንቱ በሚመኩበት በላቲን አይደለም። ነጋዴው በሚናገረው በአገሬው ጣልያንኛ ነው! የዛሬው ዓለም አቀፍ ሙያ መሠረቱ በሕዝብ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። እኛ ታዲያ ምን ብለን ነው የሕዝብ ቋንቋ ለዚህ ሙያ አይመጥንም የምንለው?

አሁን ወደ መጀመሪያው ቀልዳችን ልመለስ። «ባለቅኔና ሂሳብ ሹም አይገናኙም» የምንል እኛ፣ የገዛ ሥነ ጽሑፋችንን ታሪክ ረስተናል። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፈው ማን ነው? አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ። ማዕረጉ ምን ነበር? ነጋድራስ፤ የንግድና የጉምሩክ ሹም! የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የደረሰው ማን ነው? ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም። ማዕረጉስ? በጅሮንድ፤ የግምጃ ቤት ሹም! የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውም ይኸው የገንዘብ ሰው ነው። ካረፈ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመውን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የጻፈው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ነጋድራስ ነበር። በፈተና ላይ ስማቸውን ስንጽፍ «ነጋድራስ» እና «በጅሮንድ» የሚሉትን ቃላት እንደ ጌጥ እናልፋቸዋለን። ጌጥ አይደሉም፤ የሥራ ስም ናቸው። እነዚህ ሰዎች የአገርን ገቢና ወጪ ያዩ ዓይኖች ስለነበሯቸው ነው የአገርን ጉድ የጻፉት። እኛ የእነሱን ብዕር ወርሰን መዝገባቸውን ጣልነው።

የአካውንቲንግ ወዳጆቻችንም ያለ ነቀፌታ አያልፉም። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን በቃል ሸምድዶ ማለፍን ጥበብ ያደረጋችሁ፣ ካለፋችሁ በኋላ ደግሞ ባልገባው ሰው ፊት እንግሊዝኛ የምትደረድሩ፣ ሊቀ መንበሩን ያበረታችሁት እናንተም ናችሁ። እንዲያውም የገዛ ፈተናችሁ ይህን ይቃወማል። እህቴ የወደቀችበት ወረቀት «ስትራቴጂክ ቢዝነስ ሊደር» ይባላል። ከፈተናው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ የአንድ ምናባዊ ኩባንያ ታሪክ ይሰጣታል። ከዚያ በሦስት ሰዓት ከሩብ ውስጥ ለቦርዱ ሪፖርት፣ ለሥራ አስኪያጁ ማስታወሻ ጻፊ ትባላለች። ከ100ው ማርክ 20ው የሚሰጠው ለሙያ ክህሎት ነው። ክህሎቶቹን ልጥራቸው፤ ሐሳብን ማስረዳት፣ የንግድ ማስተዋል፣ መተንተን፣ መጠራጠር፣ መመዘን። እህቴ «ቁጥሩንማ አውቀዋለሁ። የወደቅሁት እንዴት ብዬ ልንገራቸው የሚለው ላይ ነው» ትላለች።

ማስረዳት፣ መተንተን፣ መጠራጠር፣ መመዘን! ወገኖቼ፣ ይህ የእኛ የትምህርት ክፍል ማስታወቂያ አይደለም ወይ? አራት ዓመት የምንማረው ይህንኑ አይደለም ወይ? ታዲያ በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ቁጥሩን አውቆ ቃሉን ሲያጣ፣ ሌላው ቃሉን ይዞ ቁጥሩን ሲንቅ፣ በመካከል የሚጎዳው ማን ነው? የጉልት ነጋዴዋ እናት ናት።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። አንደኛው «ሙያው ዓለም አቀፍ ነው፤ በአገር ቋንቋ ከሆነ የምስክር ወረቀቱ ድንበር አይሻገርም» የሚል ነው። ልክ ነው፤ እንግሊዝኛውን ጣሉት አላልኩም። ከውጭ ባንክ ጋር የሚነጋገር ሰው እንግሊዝኛውን አሳምሮ ይወቅ። ፈተናው ይቅለል፣ ማለፊያው ይውረድም አላልኩም። እህቴ 48ቷን በ45 ማለፊያ ማለፍ አትፈልግም፤ ብትሰማኝ ትቆጣኛለች። የምለው ሌላ ነው። በአገር ውስጥ ፈቃድ ይዞ የሚፈርም ሰው የአገሩን ግብርና የአገሩን ሕግ ይፈተን። የፈረመበትንም ሪፖርት ገንዘቡ ለሆነው ሕዝብ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት መቻሉ ይፈተን። ክፍያውም በሚበላበት ገንዘብ ይሁን።

ሁለተኛው ተቃውሞ «የትኛው ቋንቋ?» የሚል ነው። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። አማርኛ ብቻ ብል በእንግሊዝኛው ላይ የከሰስኩትን ወንጀል እኔው መልሼ ሠራሁት ማለት ነው። የአዳማው ማኅበር አባል በኦሮምኛ፣ የጅግጅጋው በሶማልኛ፣ የመቀሌው በትግርኛ ይስማ። የቋንቋ ተማሪ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ሥራው ለአንድ ትውልድ ይበቃል።

እንግዲህ ወቀሳ ብቻ ጽፎ መሸሽ የእኛ የቆየ በሽታ ስለሆነ፣ ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ይህች የምንወዳት የተባዛች መጽሔታችን በየዕትሙ አንዲት ገጽ ለሂሳብ ቃላት ትስጥ። ከአካውንቲንግ ክፍል አንድ፣ ከእኛ አንድ ሆነን እንጻፋት። የመጀመሪያዋ ቃል «ኳሊፋይድ» ትሁን።

ሁለተኛ፤ ስለ አገር ሀብት ስንጽፍ የምንውል እኛ፣ የዚህችው መጽሔት የወረቀትና የቀለም ወጪ ስንት እንደሆነ፣ ከየክፍሉ የተዋጣው ገንዘብ የት እንደደረሰ ማናችን እናውቃለን? እኔ አላውቅም። ማንንም አልጠረጠርኩም፤ ነገር ግን ጠይቄም አላውቅም። ከሚቀጥለው ዕትም ጀምሮ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ በመጨረሻው ገጽ ይታተም። ግጥም ለማተም ገጽ ካልበቃ የእኔ ጽሑፍ ይቅር።

ሦስተኛ፤ ተመርቀን ሥራ ስናጣ «የተማረ ይግደለኝ» ያለ ሕዝብ ከዳን እያልን ከማልቀስ በፊት ይህን እንወቅ። ያ የፈተና በር ለታሪክም ለሥነ ጽሑፍም ምሩቅ ክፍት ነው። ከመጀመሪያዋ ወረቀት መጀመር ነው፤ መንገዱ ረጅም ነው፤ ፓውንዱም ይመራል። ይሁን እንጂ «እኛን አይመለከትም» ማለት ውሸት ነው። ነጋድራሶቹና በጅሮንዱ አይተውናል!

እህቴ ለሚቀጥለው ዙር ተመዝግባለች። አሁን በየማታው አንድ የኩባንያ ታሪክ ታነባለች። ከዚያ ለቦርዱ ደብዳቤ ትጽፍና ለእኔ ትሰጠኛለች። እኔ የማይገባኝን ዓረፍተ ነገር አሰምርበታለሁ። እሷ በበኩሏ የሀብትና ዕዳ መግለጫ እንዴት እንደሚነበብ ታሳየኛለች። ትናንት ማታ እማዬ መሐላችን ተቀምጣ ቡና እያፈላች «እስቲ ያንን የማኅበሩን ወረቀት አምጡትና ከመጀመሪያው ጀምራችሁ በደንብ ንገሩኝ» አለችን። እስከ እኩለ ሌሊት ነገርናት። የሚቀጥለው ስብሰባ ሲጠራ የምትጠይቃቸው አራት ጥያቄዎች አሏት፤ በቃሏ ይዛቸዋለች።

እኔም አብሬያት እሄዳለሁ። በዚህኛው ግን ምን እንደተባለ ሳይገባኝ አላጨበጭብም።